በቅሎና ጭብጦ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜሪላንድ በሚገኝ የሕዝብ መናፈሻ ሜዳ ላይ በአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ላይ ፈረድኩ። ፍርዱ አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ቀኝ እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሳሁና «አውት!» አልኩ፤ ጨዋታው በዚያው አለቀ። ልጅቷ ከአፈሩ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች፣ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ሄደች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዳኛ የሆንኩት በአጋጣሚ ነው። የእህቴ ልጅ ከ12 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ቡድን ውስጥ ሶፍትቦል ትጫወታለች። እህቴ ነርስ ናት፤ ዓርብ ሌሊት ስለምትሠራ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ሜዳ የማደርሰው እኔ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከረቂቁ ይልቅ ሜዳውን ሳይ ሦስት ዓመት ስላለፈኝ ሕጉን ለምጄዋለሁ። የዚያን ቀን ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ቀረ። የእኛ ቡድን አሠልጣኝ «አንተ ሕጉን ታውቃለህ፤ ቤዞቹ ጋ ቁምልን» አለኝ። የእህቴ ልጅ ከተጫዋቾቹ አንዷ መሆኗን ለሁለቱም ወገን ተናገርኩ። የተቃራኒ ቡድን አሠልጣኝ ሳቀችና «እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የአንዷ ዘመድ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቆምኩ።

ሶፍትቦልን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ የቤዝቦል ታናሽ እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ በአንድ የጀልባ ክበብ አዳራሽ ውስጥ እንደ ቀልድ ተጀምራ ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሴት ልጆች በብዛት ከሚጫወቷቸው ስፖርቶች አንዷ ሆናለች። ኳሱ ከቤዝቦል ኳስ ይበልጣል፤ የሚወረወረውም ከትከሻ በላይ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው። ለዚህ ታሪክ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የምትሮጥ ልጅ ወደ ቤዙ ስትገባ፣ ኳስ የያዘ ጓንት ሳይነካት ቤዙን ከረገጠች «ሴፍ» ናት፤ ቀድሞ ከነካት «አውት»። ነክቷታል ወይስ አልነካትም የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ የቪዲዮ ድጋሚ ምስል የሚባል ነገር የለም። ከባትል ያዥዋ ጀርባ የሚቆመው ዋናው ዳኛ እንኳ ብዙ ጊዜ ራሱ ተማሪ ነው፤ የዚያን ቀኑ ጥርሱ ላይ ሽቦ ያሰረ፣ 16 ዓመት ቢሆነው ነው።

መጨረሻው ዙር ላይ 6 ለ 5 እየመራን ነበር፤ ሁለት አውት ተቆጥሯል። ባለ 7 ቁጥሯ ልጅ ከአንደኛው ቤዝ ወደ ሁለተኛው ሮጠች። ጨዋታው ይህን «መስረቅ» ይለዋል፤ የተፈቀደ ስርቆት ነው። ካቸሯ ወረወረች፣ የእህቴ ልጅ ኳሱን ቀለበች፣ ጓንቷን ወደ ታች ጠረገች፣ ባለ 7 ቁጥሯ በአቧራ ውስጥ ተንሸራታ ገባች። ወዲያው የእህቴ ልጅ ጓንቷን ከፍ አድርጋ ኳሱን አሳየችኝ። «አውት!» አልኩ። ከወላጆቹ መሃል አንድ ያገሬ ልጅ አባት ብድግ ብሎ እያጨበጨበ በአማርኛ «የወገን ዳኛ! እግዜር ይስጥህ!» ሲል ሰማሁ። እኔም ከሌሎቹ ሐበሾች ጋር ሳቅኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ከገባን በኋላ፣ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ አልነካኋትም እኮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የቆየ ተረት አላስቀምጥ አለኝ፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ። አያቴ ይህን ተረት ኖረውበታል ማለት ይቻላል። ለዓመታት የድንበር ክርክር ተሟግተው ተረቱ፤ የረታቸው ሰው ልጁን ሲድር ድግሱ ላይ ተገኝተው በልተዋል። በሌላ ዘመን ግን አንድ የቀበሌ ሹም «ተራህ አይደለም» ብሎ ከዘይት ሰልፍ አስወጣቸው፤ ያን እስኪሞቱ ድረስ ያነሱት ነበር። መሬቱ በፍርድ ሄደ፤ አንድ ሊትር ዘይት ያለ ፍርድ። ተረቱ የሚለው ይህን ነው። ሰው የሚያንገበግበው የጠፋበት ነገር ዋጋ አይደለም፤ የጠፋበት መንገድ ነው። የልጆች ሶፍትቦል ውጤትማ ከጭብጦም ያነሰ ነው። ሰኞ ማንም አያስታውሰውም።

ተረቱ ያልመለሰልኝ ጥያቄ ግን አለ። የባለ 7 ቁጥሯ ቤዝ የሄደችው በፍርድ ነው ወይስ ያለ ፍርድ? ዳኛ ነበረ። ተመርጦ፣ ሁለቱም ወገን ተስማምተውበት የቆመ ዳኛ። ዳኛው አየ፣ ፈረደ፣ ተሳሳተ። የተሳሳተ ፍርድ ፍርድ ነው?

ብዙ ሰው «ነው» ይላል፤ እኔም በመጀመሪያው ምሽት ራሴን ያጽናናሁት በዚሁ ነው። ለዚህ መጽናኛ ጥሩ ጠበቃ አለው። የእንግሊዙ የሕግ ፈላስፋ ኸርበርት ሃርት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው «የሕግ ጽንሰ ሐሳብ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጨዋታ ዳኛ ያነሳው ነገር አለ። የዳኛ ቃል የመጨረሻ ነው ማለት የዳኛ ቃል አይሳሳትም ማለት አይደለም ይላል። ጨዋታው እንዲያልቅ አንድ ቦታ ላይ ክርክሩ መቆም አለበት፤ ስለዚህ የዳኛው ቃል ይጸናል። ነገር ግን ዳኛው ራሱ ከቃሉ ውጪ ለቆመ ሕግ ተገዢ ነው፤ ለሕጉ ሲል ይፈርዳል፣ ሕጉን ሊስትም ይችላል። ሕጉ «ዳኛው ያለው ሁሉ ነጥብ ነው» የሚል ቢሆን ኖሮ ያ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ልጆች ሳይሆኑ ዳኛው ብቻ የሚጫወትበት። ሃርት በዚህ ልክ ነው። ስለዚህ «ሴፍ ነበረች፤ አውት ሆነች» የሚለው ዓረፍተ ነገር አይጋጭም። ሁለቱም እውነት ነው። ልጅቷ ሴፍ ነበረች። ልጅቷ አውት ሆነች።

የጨዋታው ደንብም ይህን ያውቃል። አሠልጣኝ ይግባኝ ማለት የሚችለው ዳኛው ደንቡን በተሳሳተ መንገድ ሲተረጉም ነው፤ ዳኛው በዓይኑ አይቶ በወሰነው ነገር ላይ ይግባኝ የለም። የመጽሐፍ ስህተት ይታረማል፣ የዓይን ስህተት ይዋጣል። መጀመሪያ ስሰማው ግፍ መስሎኝ ነበር። አሁን የሚገባኝ ደንቡ ስለ ሰው ልጅ ዓይን ያለው ትሕትና ነው። መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ ያለፈች ሰከንድ ግን ተመልሳ አትታይም።

በዓይን ስህተት ታሪክ ውስጥ እንደ ጂም ጆይስ የሚጠቀስ የለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2010 ዲትሮይት ውስጥ፣ አርማንዶ ጋላራጋ የተባለ የቤዝቦል ፒቸር 26 ተጫዋቾችን በተከታታይ አንድም ሰው ቤዝ ሳይረግጥበት አስወጣ። አንድ ቀርቶታል። 27ኛውን ካስወጣ «ፍጹም ጨዋታ» ይባልለታል፤ በ130 ዓመት ታሪክ ውስጥ 20 ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር። 27ኛው መታ፣ ኳሱ ወደ አንደኛው ቤዝ ተወረወረ፣ ጋላራጋ ራሱ ሮጦ ቀለበውና ቤዙን ረገጠ፤ ሯጩ ገና አንድ እርምጃ ይቀረው ነበር። አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመው ጆይስ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ሴፍ» አለ። ስታዲየሙ ጮኸ። ጋላራጋ ፈገግ ብሎ ተመልሶ የሚቀጥለውን ተጫዋች አስወጣ።

ጆይስ ከጨዋታው በኋላ ቪዲዮውን አየ። ጋላራጋን ለማግኘት ጠየቀ፤ እያለቀሰ ይቅርታ ለመነው። ለጋዜጠኞችም የልጁን ፍጹም ጨዋታ እንዳበላሸ ሳይሸሽግ ተናገረ። በማግሥቱ የቡድኑን ስም ዝርዝር ለዳኛው የሚሰጠው ጋላራጋ እንዲሆን ተደረገ፤ ጆይስ ወረቀቱን ሲቀበል እንባውን ይጠርግ ነበር። የሊጉ ኮሚሽነር ፍርዱን አልለወጠም። ጋላራጋ በመዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ፍጹም ጨዋታ የለውም።

የጋላራጋ በቅሎ፣ በእኔ ግምት፣ በፍርድ ሄዳለች። ጆይስ ሊያይበት የሚገባው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያየ የመሰለውን ተናገረ፤ ማየት የሚችልበት ሁኔታ ሲመጣ ሄዶ አየ፤ ያየውንም ሳይሸፋፍን አመነ። የተሳሳተው ዓይኑ እንጂ ዳኝነቱ አይደለም። እኔስ?

እዚህ ላይ እህቴ ትግባ። ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፏ ተነስታ ቡና ስታፈላ ነገሩን ነገርኳት፤ እውነት ለመናገር ልጅቷን ትንሽ የምትመክርልኝ መስሎኝ ነበር። አልነካኋትም ብላ እዚያው መናገር ትችል ነበር አይደል? እህቴ ጀበናውን አስቀምጣ አየችኝ።

«ማን ጠየቃት?»

«እሱማ ማንም አልጠየቃትም፣ ግን…»

«ታዲያ ምን አጠፋች? ዳኛው አንተ ነህ እሷ?»

ክርክሯ ከመሰለኝ በላይ ጠንካራ ነው። ጎልፍ ተጫዋች ማንም ሳያየው የሠራውን ጥፋት ራሱ በራሱ ላይ ይመዘግባል፤ የጎልፍ ወግ ነው። ሶፍትቦል ግን እንዲህ ያለ ወግ የላትም። ካቸር የሆኑ ሕፃናት ከመስመር ትንሽ የወጣች ኳስ ሲቀልቡ ጓንታቸውን ቀስ አድርገው ወደ መሃል እንዲስቡ ይሠለጥናሉ፤ ዳኛው «ስትራይክ» እንዲል። የእህቴ ልጅም ጓንቷን ከፍ አድርጋ ኳሱን ያሳየችኝ ስለተማረችው ነው፤ ነካሽም አልነካሽም ኳሱን ለዳኛው አሳዪ ተብላለች። ይህ ውሸት ነው? ከሆነ የጠበቃ ሥራ ሁሉ ውሸት ነው። ተሟጋች ለወገኑ ይሟገታል፤ እውነቱን የመፈለግ ዕዳ የዳኛው ነው። ዕዳውን ለ11 ዓመት ልጅ አሻግሬ ለማስረከብ መሞከሬ አሁን ያሳፍረኛል። እሷ ደግሞ ሳትጠየቅ፣ መኪና ውስጥ፣ በራሷ ፈቃድ የሚገባውን ዕቃ ለባለቤቱ መልሳለች።

የእህቴ «ማን ጠየቃት?» ግን ከእሷ ሐሳብ ውጪ ሌላ ቦታ አረፈብኝ። ያ ቀን የሆነውን ቀስ ብዬ ሳስታውሰው፣ ያየሁት ከፍ ብሎ የተዘረጋ ጓንትና በውስጡ ያለች ቢጫ ኳስ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አቧራ ሸፍኖታል፤ እኔም የቆምኩት በተሳሳተ ጎን ነበር። ንክኪውን አላየሁም። ይህን በዚያችው ሰከንድ አውቄዋለሁ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን እጄ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቅር ብሎኛል። የዳኞች ደንብ ለዚህ መድኃኒት አለው። ያላየ ዳኛ ጊዜ ወስዶ ወደ ባልደረባው ሄዶ «አንተ ምን አየህ?» ማለት ይችላል፤ ሁለቱ ተመካክረው ፍርዱን ይለውጣሉ። ከባትል ያዥዋ ጀርባ ያለው ልጅ ከፊት ለፊት፣ በቀጥታ መስመር ያይ ነበር። ሃያ እርምጃ ያህል መራመድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አልሄድኩም። ያልሄድኩት ሌላ ሰው ጠይቆ ፍርድ የሚለውጥ ዳኛ ሥራውን የማያውቅ ይመስላል ብዬ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ የዶክትሬት ተማሪ ክብር የሚቀንስ መስሎኝ ነው። ከወላጆቹ መሃል የሚጨበጨብልኝ ስለነበረም ነው። ሦስተኛውን ምክንያት ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተጠመደ ሰው ሲቸግረው ወደ ቃል ይሮጣል። እኛ ለችሎቱም ለሜዳውም «ዳኛ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን የሶፍትቦሉን «አምፓየር» ብሎ ይለየዋል። የቃሉ ሥር ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ኖንፔር»፣ አቻ የሌለው፣ ከጥንዱ የተረፈ ሦስተኛ ሰው ማለት ነው። እንግሊዞች ቃሉን ሲያሳጥሩ መነሻዋን «ን» ከፊቷ ካለችው መስተአምር ጋር ቀላቅለው ጣሏት፤ «ኧ ናምፓየር» የነበረው «አን አምፓየር» ሆነ። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ሦስተኛ፣ ስሙን ሲሰጡት ራሱ የመጀመሪያ ፊደሉን ለጎረቤት ዘርፈውበታል። በአገራችንም በቀደመው ዘመን ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው ዳኘን የሚሉበት ወግ ነበር፤ መንገደኛው የተመረጠው ስለተማረ ሳይሆን ሦስተኛ ስለሆነ ነው። ሙግቱም «ተጠየቅ» እየተባባሉ ነበር። የቃሉ ክብደት ያረፈው በተሟጋቹ ላይ ነው፤ ሳስበው ግን ዳኛውም ዘንድ የሚደርስ ይመስለኛል። እኔ ከመንገደኛው ሥራ ሁለቱንም አጓደልኩ። ሦስተኛ አልነበርኩም፤ አልጠየቅኩምም።

ስለ መጠየቅ ካነሳሁ አይቀር አንድ የሶፍትቦል ታሪክ ልጨምር፤ ከሜዳ ሜዳ ሲወራ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2008፣ በዋሽንግተን ግዛት ኤለንስበርግ ከተማ፣ ዌስተርን ኦሪገን የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከሴንትራል ዋሽንግተን ጋር ተጫወተ። በዕድሜዋ ሆም ራን መታ የማታውቀው ሳራ ተኮልስኪ፣ ሁለት ጓደኞቿ ቤዝ ላይ እያሉ ኳሱን ከአጥር ውጪ ላከችው። ከደስታዋ ብዛት አንደኛውን ቤዝ ሳትረግጥ አለፈች፤ ልትረግጠው ስትመለስ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ዳኞቹ ተጠየቁ። የራሷ ቡድን ሰዎች ከረዷት አውት ትሆናለች፤ ሌላ ሯጭ ከተተካች ምቱ ሆም ራን መሆኑ ቀርቶ አንድ ቤዝ ብቻ ይቆጠራል አሉ። የተቃራኒ ቡድኗ ማሎሪ ሆልትማን «እኛ ብንሸከማትስ?» ብላ ጠየቀች። የሚከለክል ነገር አልተገኘም። ሆልትማንና ጓደኛዋ ሊዝ ዋላስ ልጅቷን በመሃላቸው አቅፈው፣ በየቤዙ እየቆሙ ግራ እግሯን እያስነኩ ዞሩ። ሆልትማን በዚያ የተነሳ የራሷን ቡድን ነጥብ አስቆጠረችበት፤ 4 ለ 2 ተሸነፉ።

ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ክፍል ግን ዳኞቹ ተሳስተው መሆኑ ነው። የኮሌጆቹ ደንብ ለተጎዳች ሯጭ ተተኪ ገብታ ቤዞቹን እንድትጨርስላት ይፈቅድ ነበር። የመጽሐፍ ስህተት ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ዓይነት። ደንቡ በትክክል ተነብቦ ቢሆን አንዲት ተቀያሪ ሶምሶማ ትዞርና ታሪኩ እዚያው ይቀር ነበር። ከዚህ ተነስቶ «ስህተትም መልካም ፍሬ አለው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ አልቀበለውም። ስህተቱ ያፈራው ነገር የለም። ያፈራው ያቺ ሜዳ ላይ ያለች ልጅ፣ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ፣ ጥያቄ መጠየቋ ነው። ማንም ያልጠበቀው፣ ለእሷም የማይጠቅም ጥያቄ።

ስለዚህ ለራሴ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ ፍርድን ፍርድ የሚያደርገው መድረሻው ብቻ ሳይሆን የዳኛው የፍለጋ መንገድ ነው። ፈልጎ የሳተ ዳኛ ፈርዷል። ሳይፈልግ ያገኘም እንኳ አልፈረደም፤ ልጅቷ በእርግጥ ተነክታ ብትሆን ኖሮ የእኔ «አውት» ትክክል ይሆን ነበር፤ ፍርድ ግን አይሆንም። የባለ 7 ቁጥሯ ጭብጦ የሄደችው ያለ ፍርድ ነው። ዳኛ ቆሞ እያየ፣ ያለ ፍርድ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ባሉ ሜዳዎች ላይ ይጫወቱ ነበር። መጀመሪያ አባቷን አገኘሁና ልነግራት የምፈልገውን ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ጠራልኝ። የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች መጣች።

ሴፍ ነበርሽ አልኳት። በደንብ አላየሁም ነበር፤ ሌላውን ዳኛ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም።

«አውቃለሁ» አለች። ቀጥላም፣ «ውጤቱ ይቀየራል?»

«አይቀየርም።»

የሱፉን ልጣጭ ሳሩ ላይ ተፋች። «ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

ልትሰድበኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። አፌን ስከፍት አሠልጣኟ ስሟን ጠራች። የራስ መከላከያዋን አደረገች፣ ዱላዋን ከአጥሩ ላይ አነሳችና ሮጠች። የመምታት ተራዋ ደርሶ ነበር።